መጀመሪያ ሰሙን እንየው

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አሥረኛ ክፍል ናት። «አንድ የጥበብ ሥራ መርጣችሁ ተንትኑ» ተብለዋል። ሥዕልም ይሁን ዘፈን፣ ውዝዋዜም ይሁን ቲያትር፣ ደስ ያላቸውን መምረጥ ይችላሉ። ልጅቷ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል መረጠች። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ደብተሯን አሳየችኝ። የጻፈችው አንድ መስመር ነው። «ሥዕሉ በጣም ያምራል፣ ትልቅ መልእክትም ያስተላልፋል።»

«ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል? አክስቴ፣ ትርጉሙን ብቻ ንገሪኝና ልጨርስ» አለችኝ።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። የተማረችውን ነው ያደረገችው። ትልልቆቹም ያው ነን። ጅማ ውስጥ ሥዕል ተሰቅሎ ሰው ሲጋበዝ አይቻለሁ፣ ብዙው ሰው ሥዕሉ ፊት ይቆምና «ምን ማለት ነው?» ይላል። መልስ የሚሰጠው ካጣ «እኔ እንኳ ጥበብ አይገባኝም» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያ ሰው ዓይን አለው፣ ጆሮ አለው፣ ትዝታ አለው፤ ለመጀመር የሚያስፈልገው ይሄው ነው። የቀረው በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠቀምባቸው ማወቅ ነው። ስለዚህ ለልጅቷ ያስረዳኋትን ለእናንተም ልጻፈው።

እኛ ሰምና ወርቅ የለመድን ሰዎች ነን። ቅኔ ስንሰማ ጆሯችን ወዲያው ወርቁን ያሳድዳል። ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን አንድ ነገር አስረስቶናል። አባባሉ የመጣው ከወርቅ አንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። አሁን አስቡት። ወርቁ የሚይዘው የሰሙን ቅርጽ ነው። አንጥረኛው ሰሙ ላይ ያላስቀመጣት ትንሽ ጭረት ወርቁ ላይ አትገኝም። ሰሙን ዘሎ ወርቁን የሚፈልግ ሰው እንግዲህ የሚያገኘው ቅርጽ የሌለው ነገር ነው። «ትልቅ መልእክት ያስተላልፋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንደዚያ ነው።

የሥዕል ሰሙ መስመር፣ ቀለም፣ ብርሃን፣ የነገሮች መጠንና አቀማመጥ ነው። የሙዚቃ ሰሙ ድምፅ፣ ምት፣ ዝምታና ድግግሞሽ ነው። የውዝዋዜ ሰሙ የሰው ገላ ነው። የቲያትር ሰሙ ደግሞ ይሄ ሁሉ ተደምሮ፣ ላዩ ላይ ቃል ተጨምሮበት ነው።

ወደ ጊዮርጊስ እንመለስ። ልጅቷን ደብተሯን አስዘጋኋትና «አሥር ደቂቃ ዝም ብለሽ እይው፣ ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ፣ ማማር አለማማሩን ተይው» አልኳት። መጀመሪያ የነገረችኝን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ዘንዶ፣ ዛፍ ላይ ያለች ብሩታዊት። ይሄ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ዝም አለች፣ ሰለቻት፣ ተቁነጠነጠች። አራተኛው ደቂቃ ላይ ይመስለኛል፣ ቀና አለችና «እንዴ! ዘንዶውን አያየውም!» አለች።

እውነቷን ነው። ጦሩ ዘንዶው አፍ ውስጥ ገብቷል፣ የጊዮርጊስ ፊት ግን ወደ እኛ ነው። በስንት ዓመት ቤታችን ውስጥ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን ማቆም አልተቻለም። ጦሩ ከላይ ከቀኝ ወደ ታች ወደ ግራ በሰያፍ ወርዶ ሥዕሉን ለሁለት እንደሚከፍለው አየች። ብሩታዊት ከፈረሱ ጭንቅላት እንደምታንስ አየች። ቀዩ ቀለም ሦስት ቦታ ብቻ እንዳለ ቆጠረች፤ በካባው፣ በፈረሱ እቃ እና በዘንዶው አፍ። ዓይናችን ከቀይ ወደ ቀይ እየዘለለ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ ሰዓሊው መንገድ ሠርቶልናል ማለት ነው።

አሥር ደቂቃ ብዙ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች አንድ ሥራ ፊት ስንት ጊዜ እንደሚቆሙ ለክቶ ነበር። አማካዩ 27 ሰከንድ ገደማ ሆነ። ግማሾቹ ከ17 ሰከንድ በላይ አልቆሙም። ከዓለም ትልልቅ ሥራዎች ፊት ማለት ነው። የኛ ልጅ ዓይን የተከፈተው አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው፣ በ17 ሰከንድ ቢሆን ኖሮ ነጭ ፈረስ አይታ ትሄድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የምወደው ዘዴ አለ። አቢጌይል ሃውዘን የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪና ፊሊፕ የናዋይን የሚባል የሙዚየም አስተማሪ ያዳበሩት ነው፣ ከሦስት ጥያቄ አያልፍም። እዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ምን አይተሽ ነው እንደዚያ ያልሽው? ሌላስ ምን ታያለሽ? ሁለተኛዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ልጅቷ «ጊዮርጊስ አይፈራም» ስትለኝ «ምን አይተሽ ነው?» አልኳት። «ፊቱ አልተቆጣም፣ ዘንዶውንም ዞሮ አያየውም፣ እኛን ነው የሚያየው፣ ሥራውን የጨረሰ ሰው ነው የሚመስለው» አለች። በቃ፣ ይሄ ትንታኔ ነው። የተናገረችው ሁሉ ሥዕሉ ላይ በጣት የሚነካ ነው። ስለ አንድ ሥራ የምትሉትን በጣት ማሳየት ካልቻላችሁ፣ ያ ነገር የመጣው ከሥራው ሳይሆን ከሌላ ቦታ ነው።

የሥነ ጥበብ አስተማሪዎች ይሄን ነገር በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፣ ኤድመንድ ፌልድማን የሚባል አሜሪካዊ ነው ያስፋፋው። መግለጽ፣ መተንተን፣ መተርጎም፣ መመዘን። መግለጽ «ቀይ አለ» ማለት ነው። መተንተን «ቀዩ ዓይናችንን ወደ ታች ይነዳል» ማለት ነው። መተርጎም «ስለዚህ የቅዱሱ ካባና የዘንዶው አፍ በአንድ ታሪክ ተያይዘዋል» ማለት ነው። መመዘን «ሰዓሊው ተሳክቶለታል ወይስ አልተሳካለትም» ማለት ነው። እኔ ይሄን ቅደም ተከተል እንደ ሕግ አልይዘውም፤ ሰው ሲያይ ሐሳቡ ወዲህ ወዲያ ይላል። አንዱን ግን አጥብቄ እይዛለሁ፣ ፍርዱ መጨረሻ ይምጣ። «ያምራል» ወይም «አያምርም» አንዴ ከአፋችን ከወጣ ዓይናችን ሥራ ያቆማል።

አሁን ማየት ብቻውን የማይደርስበት ነገር ልንገራችሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት ለፊት ይሣላል። ክፉው፣ ሰይጣኑም ሆነ አሳዳጁ፣ ከጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሄ የሥዕሉ ቋንቋ ነው፣ የሚያየውም ምእመን ያውቀዋል። ይሄን የማያውቅ ሰው «ሰዓሊው ለምን ግማሹን ሰው በጎን ሣለው?» ብሎ ግራ ይጋባል፣ ወይም ሰዓሊው ችሎታ አነሰው ይላል። ያወቀ ሰው ግን የአድዋን ጦርነት ሥዕል ሲያገኝ ወዲያው ያነበዋል። የኛ ሰዎች ፊት ለፊት ናቸው፣ ጣልያኖቹ ከጎን፣ ከላይ ደግሞ በነጭ ፈረስ ጊዮርጊስ ራሱ አለ፤ ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 በጊዮርጊስ ዕለት ነውና። ሰዓሊው አንድም ቃል ሳይጽፍ ማን ትክክል እንደሆነ ፈርዷል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወግ የራሱ ሰዋስው አለው። እሱን መጠየቅ ነውር የለውም። መጽሐፍ ማንበብ፣ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ፣ ሥራው መቼና ለማን እንደተሠራ ማወቅ ያግዛል። ግን ዕውቀቱ ዓይኑን እንዳይተካው። የሰዓሊውን የሕይወት ታሪክ ሦስት ገጽ ጽፎ ስለ ሥዕሉ አንድ መስመር የማይጽፍ ሰው አጋጥሞኛል። ይሄ የሟች ዘመድን ዝርዝር እየተናገሩ ሟቹን መርሳት ነው።

ከሥዕል ወደ ዕቃ ልውሰዳችሁ። የጅማ ሰው በየቤቱ የጥበብ ሥራ ላይ ነው የሚቀመጠው። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ማለቴ ነው። እኛ ቤት ያለውን እናቴ ከሄርማታ መርካቶ ገዝታ ያመጣችው ነው፣ ዋንዛ ነው፣ ዕድሜው ከልጅቷ ይበልጣል። መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ሚስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም፣ መጋጠሚያ የለውም። እጃችሁን አሳልፉበት። መቀመጫው እንደ መዳፍ ጎድጎድ ያለ ነው። እግሮቹ ከላይ ቀጠን ብለው ይነሱና ወደ ውጪ ጎበጥ ብለው ታች ይረግጣሉ፣ ሊነሳ እንደሚል ጥጃ።

ለምን ሦስት? አራት እግር ያለው ወንበር በጎርባጣ የአፈር ወለል ላይ አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀርና ይንገዳገዳል። ሦስት እግር ግን የትም ብታስቀምጡት ሦስቱም ይረግጣሉ። ጉልቻ ሦስት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ የዚህ በርጩማ ውበት ከጥቅሙ የሚለይ አይደለም፤ ጠራቢው ወለሉን አውቆ፣ የተቀማጩን ገላ አውቆ፣ የእንጨቱን ጠባይ አውቆ ነው የሠራው። አሁን ገልብጡት። ከላይ በሰው መቀመጥ ብዛት እንደ መስታወት የለሰለሰው እንጨት፣ ከሥሩ የመሮው ምልክት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሮበታል። ላዩ የተቀመጡትን ሰዎች ይናገራል፣ ሥሩ የሠራውን ሰው። እኔ ይሄን ያየሁት በርጩማውን ለማጽዳት ስገለብጠው ነው፣ ከዚያ ወዲያ በርጩማ ሳልገለብጥ ገዝቼ አላውቅም።

ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስትጎበኙም እንዲሁ አድርጉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ ነበሩ። አስጎብኚው ታሪኩን ይነግራችኋል፣ እሱን ስሙ። ቀጥሎ ግን ብቻችሁን ታች ግቢው መሐል ቁሙና ወደ እንጨቱ ሰገነት ቀና በሉ፣ ቀጥሎ ሰገነቱ ላይ ወጥታችሁ ወደ ግቢው ተመልከቱ። ማን ማንን እንዲያይ ተብሎ እንደተሠራ አንገታችሁ ይነግራችኋል።

«ይሄ ሁሉ የሚታወቅ ነገር ላለበት ሥዕል ነው፣ ቀለም ብቻ ለተረጨበትስ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። «ይሄማ ልጄም ትሥለዋለች» የሚባለው ዓይነት። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ሲያሳይ ይሄው ወቀሳ ደርሶበታል። ዛሬ አዲስ አበባ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። እኔ ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው በነጠላ ጥለት ነው። የነጠላችሁን ጥለት አይታችሁ «ይሄ የምን ሥዕል ነው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ማንም አይልም። ቀለሞቹ ይስማማሉ ወይ፣ ድርድሩ ይጠብቃል ወይ፣ ዓይን ይይዛል ወይ ብላችሁ ነው የምትመርጡት። ሸማኔ ሰፈር ቆማችሁ ሁለት ጥለት ስታማርጡ፣ ስፌት ገበያ ላይ የሞሰቡን ጌጥ እያዞራችሁ ስታዩ፣ ረቂቅ ሥዕል እያያችሁ ነው። ዓይናችሁ ዱሮም ያውቀዋል። ሙዚየም ስትገቡ ብቻ ነው የምትረሱት። ስለዚህ ምን እንደሆነ አትጠይቁት፣ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። ከባዱ ቀለም ከላይ ነው ወይስ ከታች? ከላይ ከሆነ የሚወድቅ ይመስላል ወይ? መስመሩ የፈጠነ ነው ወይስ የተጎተተ? ወደ ኋላ ስትርቁ ምን ይጠፋል፣ ስትቀርቡ ምን ይመጣል?

ሥዕልና በርጩማ ቁጭ ብለው ይጠብቋችኋል። ሙዚቃ አይጠብቅም። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና ቲያትር በጊዜ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፣ የምትመለከቱት ነገር እያያችሁት ያልፋል። ስለዚህ ማስታወስ የመስማት ግማሹ ነው።

ጅማ የኖረ ሰው መንዙማ ሳይሰማ አይኖርም። ጎረቤቶቻችን ቤት መውሊድ ሲሆን ድምፁ ግድግዳችንን አልፎ ይመጣል። ኦሮምኛ አለበት፣ ዐረብኛ አለበት፣ ዐረብኛውን አልሰማም። ለብዙ ዓመት ዝም ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ነገር ሞከርኩ። መጀመሪያ ድቤውን ብቻ ሰማሁ፣ ሌላውን ሁሉ ከጆሮዬ አወጣሁት። ቀጥሎ ተቀባዮቹን ብቻ። ቀጥሎ የሚያወጣውን ሰው ብቻ። ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። አውጪው ተቀባዮቹ አዝማቹን ሳይጨርሱ ነው አዲሱን መስመር የሚጀምረው። የነሱ ድምፅ ጫፍና የሱ ድምፅ መነሻ ይደራረባሉ፣ ስለዚህ ክፍተት የለም፣ እንደሚፈስ ውሃ ነው። አዝማቹ ሁሌ ያው ቃል ነው፣ ግን በተመለሰ ቁጥር ያው አይደለም፣ በመሐል የተባለው ነገር ስለለወጠው። ድቤውም ቀስ እያለ ይፈጥናል፣ አንድ ቦታ ላይ ብትጠይቁኝ መቼ እንደፈጠነ ማሳየት አልችልም፣ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ሳስተያየው ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ ለምን ከተቀመጡበት እንደሚነሱ ያኔ ገባኝ።

በማንኛውም ዘፈን ይሄን ሞክሩት። ሦስት ጊዜ ስሙ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ምቱን፣ ዜማውን፣ ቃሉን። ቃሉን መጨረሻ አድርጉት፣ እኛ ቃል ወዳድ ስለሆንን ካስቀደምነው ሌላውን ይውጥብናል። ስለ ዜማችን አንድ መሠረታዊ ነገር ማወቅም ጥሩ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች በየራሳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ያንኑ ግጥም በትዝታ ቅኝት አንጎራጉሩትና በአንቺሆዬ ድገሙት፣ ቃሉ ሳይለወጥ ስሜቱ ይለወጣል። መሣሪያውንም አስቡ። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፣ ከፈረስ ጭራ። ስለዚህ ተጫዋቹ ሁለት ድምፅ ባንዴ አያወጣም፣ ያለው ምርጫ ድምፁን ማንሸራተት፣ ማንቀጥቀጥ፣ እንደ ሰው ማስለቀስ ነው። በገና አሥር ክር አለው፣ ያ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው ከክሩ ሥር ከምትገባው ትንሽ ቆዳ ነው። ነዘርዘር የሚለው ድምፅ ጉድለት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ውዝዋዜ ላይ ብዙ ሰው «እንዴት አድርጌ ልግለጸው?» ይላል፣ እግርና እጅ ሲንቀሳቀስ በቃል መያዝ ከባድ ነው። ሩዶልፍ ላባን የሚባል ሰው (1879–1958 እ.ኤ.አ.) ለዚህ አራት ነገር ተመልከቱ ብሎ ነበር። ክብደት፣ እንቅስቃሴው መሬቱን ይጫናል ወይስ ይቀላል? ጊዜ፣ ድንገተኛ ነው ወይስ የተራዘመ? አቅጣጫ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይስ ይዞራል? ፍሰት፣ የተለቀቀ ነው ወይስ የተያዘ? በነዚህ እስክስታን እዩት። ትከሻው ድንገተኛና ቀላል ነው፣ ከወገብ በታች ግን ገላው የተያዘ ነው፣ ኃይሉ ያለው በዚያ መያዝ ውስጥ ነው። የጉራጌን ጭፈራ እዩት። እግር መሬቱን ይመታል፣ ገላ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ፍጥነቱ አያርፍም። የሐረርጌን ሸጎዬ እዩት። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ሆነው በአንገት ነው የሚነጋገሩት። «ሁሉም ባህላዊ ነው» ከማለት ይሄ ስንት ይሻላል!

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሠርግ ላይ የሚጨፈር ጭፈራና መድረክ ላይ የሚታይ ውዝዋዜ አንድ አይደሉም። ሠርግ ላይ ክብ ነው፣ ሁሉም ወደ መሐል ያያል፣ ተመልካችም ሲፈልግ ይገባል። መድረክ ላይ ክቡ ይከፈትና መስመር ይሆናል፣ ሁሉም ወደ አዳራሹ ያያል፣ ልብሱ አንድ ዓይነት ነው፣ እጁ እኩል ይነሳል። አንዱ ከሌላው ያንሳል ማለቴ አይደለም። ግን የመድረኩን አይታችሁ «የአገሬው ሰው እንዲህ ይጨፍራል» አትበሉ።

ቲያትር የመጨረሻው ነው፣ ለኔ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1927 እንደ ማኅበር ከተመሠረተ፣ ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ከተከፈተ ወዲህ አገራችን ቲያትርን በደንብ አውቃዋለች፣ ግን እኛ ተመልካቾች ቲያትርን በጆሮ ነው የምንሰማው። ታሪኩ ምን ሆነ፣ ማን ምን አለ፣ የትኛው አነጋገር አሳቀን። ዓይናችን አርፎ ይቀመጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ አንድ የተማሪዎች ቲያትር ልመለከት ገባሁ። መብራቱ ደካማ ነበር፣ ድምፁም ይቆራረጥ ነበር። አንድ ትዕይንት ላይ እናትየዋ ቡና ታፈላለች። አባትየው፣ ሁለቱ ልጆችና እሷ፣ መድረኩ ላይ አራት ሰው ነው ያለው። ስለ መሬት ይጨቃጨቃሉ፣ እኔም ጭቅጭቁን እሰማለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ክንዴን ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ስኒዎቹን ቆጠርሽ?» አሉኝ በሹክሹክታ። ቆጠርኩ። አምስት ናቸው። እናትየዋ አምስት ስኒ ደርድራ፣ አምስቱንም ቀድታ፣ አምስተኛውን ሳትነካው ረከቦቱ ላይ ተወችው። ስለ ቀረው ልጅ እስካሁን ማንም ምንም አልተናገረም። የሚነገረው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ሲነገር አዳራሹ ደነገጠ፣ እኚያ እናት ግን ቀድመው አልቅሰው ጨርሰዋል።

እኚያ ሴትዮ የተውኔት ትምህርት የተማሩ አይመስለኝም። ቡና ግን ያውቃሉ። ለአራት ሰው አምስት ስኒ ለምን እንደሚቀዳ ያውቃሉ። እኔ ጭቅጭቁ ውስጥ ወርቁን ስፈልግ ሰሙ ረከቦቱ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲያትር ስመለከት ለተወሰነ ጊዜ ጆሮዬን እዘጋለሁ፣ በሐሳቤ ማለቴ ነው፣ ማን ከማን ርቆ እንደቆመ፣ ማን ጀርባውን እንደሰጠ፣ የትኛው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እንደሄደ፣ ዝምታው ስንት ትንፋሽ እንደቆየ አያለሁ።

ስለ መመዘን ብዙ አልልም። «ወደድኩት» እና «ጥሩ ሥራ ነው» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፣ ይሄን ብቻ ያዙ። አባቴ መኪና ውስጥ ያንጎራጉራት የነበረች አንዲት ዘፈን አለች፣ ስሰማት ሆዴ ይባባል። ዜማዋን ሳየው ተራ ነው፣ ግጥሟም ተራ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንዱ ስለ እኔ ነው፣ ሌላው ስለ ዘፈኗ። ሌሎችን የማናስገድደው በመጀመሪያው ነው፣ መከራከር የምንችለው በሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ማስረጃው ሁላችንም ፊት አለ።

ስትጽፉ ደግሞ አንድ ማጣሪያ ልስጣችሁ። የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር አንሱና «ይሄ ለሌላ ሥራም ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ትልቅ መልእክት ያስተላልፋል» ለሁሉም ይሆናል፣ ሰርዙት። «በጥልቅ ስሜት የተሞላ ነው» ለሁሉም ይሆናል፣ ሰርዙት። «ጦሩ ዘንዶውን ወግቶ ፊቱ ግን ወደ እኛ ዞሯል» የዚያ ሥዕል ብቻ ነው፣ ይቆይ።

ልጅቷ በመጨረሻ ጊዮርጊስን ትታ በርጩማውን መረጠች። መሬት ላይ ገልብጣው፣ በስልኳ መብራት እያበራች፣ ሆዷን አስደግፋ ተኝታ ሁለት ገጽ ጻፈች። ሦስተኛው ገጽ ላይ እርሳሷን አቆመችና ጠራችኝ።

«አክስቴ፣ ይሄ የመሮ ምልክት ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው የተጋደመው። እኔ ቀኜን ይዤ ስሞክረው በተቃራኒው ነው የሚመጣው። የሠራው ሰውዬ ግራኝ ነበር እንዴ?»

አላውቅም አልኳት። የፊታችን ሐሙስ ገበያ ነው። በርጩማውን ይዘን ሄርማታ እንወርድና ጠራቢዎቹን እንጠይቃለን።